ያልተጫወትነው ገቢር

ቴዎድሮስን የማይወድ ተማሪ ማን አለ? እኛም እንወደዋለን። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ለትምህርት መዝጊያ ቴአትር ስናዘጋጅ «ቴዎድሮስን ካልሆንኩ» የማይል አልነበረም። ዕጣ የወጣለት ጓደኛችን ሹሩባ ተሠርቶ፣ የእንጨት ሽጉጥ ጎርሶ ሲወድቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እስረኛ ሆኖ የሚጫወት ግን አልተፈለገም፤ በድርሰታችን ውስጥ እስረኛ የሚባል አልነበረማ!

ባለፈው ክረምት ጎንደር፣ አንዱ ጓደኛችን ቤት ሰነበትን። ፒያሳ በቆመው የቴዎድሮስ ሐውልት ሥር ተደርድረን ፎቶግራፍ ተነሣን። ማታ ፎቶውን ለልጁ አያት ብናሳያቸው ትክ ብለው አዩትና፦

«ልጆቼ፣ ያቃጠላት ሰውዬ አይደለም እንዴ?» አሉን።

«እማሆይ፣ አገር አንድ ያደረገ ጀግና ነው እኮ!»

«እሱስ ልክ ነው፤ አመዱን ማን ጠረገው ነው የምላችሁ።»

አፋችን ተሳሰረ። ስንመለስ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝን። ለካስ ያልተጫወትነው ገቢር ኖሯል! በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በንጉሠ ነገሥቷ ትእዛዝ ተዘርፋ ነደደች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም አልተረፉ። የአድባራቷ ብራናዎች መቅደላ ገቡ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ከወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው። «እንግሊዝ ትመልስልን!» እንላለን፤ ይገባልም። መጀመሪያ ከጎንደር ማን ወሰዳቸው ሲሉን ግን ጉሮሯችንን እንጠራርጋለን።

መድፉንስ አስቡት። ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ምስሉ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞለታል። ሰባት ሺህ ኪሎ የሚያህለውን ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ መንገድ እየጠረገ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ለወራት የጎተተው ሰውስ? ለመድፉ ቆመለት፤ ለጎታቹ የቆመለት የለም።

ከሁሉም ያስደነገጠን የመጨረሻው ሳምንት ነው። ቴዎድሮስ ራሱን ከመግደሉ አራት ቀን በፊት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ እስረኞች ተገድለው ገደል ተወረወሩ። ውኃና እንጀራ እያሉ ስለጮኹ ነው ይባላል። በዚያው ሳምንት፣ በፋሲካው ማግሥት፣ እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ። እኛ ሰኞን አጥንተን ሐሙስን ዘለልናት!

ሐውልቱ ይፍረስ አንልም። አገሪቱን አንድ ለማድረግ ያለመው ሰውና ጎንደርን ያነደደው ሰው አንድ ሰው ነው፤ ግማሹን ቆርጦ ማቆም አይቻልም። የቀረውን ግማሽ ድንጋዩ አይናገርም፤ እኛ ካልተናገርነው ከእማሆይ ጋር ይቀበራል።

ዘንድሮ ቴአትሩን እንደገና ልናዘጋጅ አስበናል። ቴዎድሮስ የሚሆን ሞልቷል፤ አትምጡ። እስረኛ የሚሆን ነው የቸገረን።