የአባቴ ድምፅና የመኪናችን በር

መኪናችንን የገዛነው በ2015 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችን አሮጌ መኪና በመንገድ ላይ ቆማ ስለ ቀረች፣ ከባለቤቴ ጋራ ብዙ ከተማከርን በኋላ፣ ዕዳው ለአምስት ዓመት የሚከፈል ቢሆንም አዲስ መግዛት ይሻላል ብለን ቈረጥን። ለዚህም ያደፋፈረን ዋስትናው ነው። በዚህ በአሜሪካ ብዙ ፋብሪካዎች ለአዲስ መኪና የሚሰጡት አጠቃላይ ዋስትና የሦስት ዓመት ወይም የ36,000 ማይል ነው፤ ይህም ወደ 58,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። እኛ ከምንኖርበት ከሜሪላንድ እስከማስተምርበት ት/ቤትና እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ያለው መንገድ ረጅም ስለ ሆነ፣ ከዓመቱ ይልቅ ማይሉ እንደሚቀድመን ከመጀመሪያው ዐውቄ ነበር። በአገራችን ዋስ ማለት ስሙ ተጠርቶ የሚቆም፣ ፊቱ የሚታይ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ዋሱ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም የማያነበው ትንሽ መጽሐፍ ነው። እኔም ብሆን እስኪቸግረኝ ድረስ አላነበብሁትም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ለልደት በዓል ሰሞን፣ በቤታችን ለደቀ መዛሙርታቸው ሲያስጠኑ፣ ታላቅ ወንድሜ ከከተማ ይዞት በመጣው ቴፕ ድምፃቸውን ቀርጾት ነበር። እርሳቸው በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ከድምፃቸው የቀረልን ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። የእኅቴ ልጅ ወደ ስልክ ገልብጦ ስለ ላከልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በመኪናው ውስጥ እሰማዋለሁ። በግዕዝ ዜማ ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ እያለ ይሄድና ከሥር ከበሮው ቀስ ብሎ ይከተላቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ በሚያደርጉበትና ከበሮው በሚመታበት ቦታ ሁሉ፣ ዝንብ በብርጭቆ ውስጥ የተዘጋባት ይመስል አንድ የሚንዘረዘር ድምፅ መሰማት ጀመረ። ወዲያው የመጣብኝ ሐሳብ ካሴቱ እያለቀ ነው የሚል ነበር። የካሴት ክር ሲያረጅ ድምፁን የያዘው ሽፋን እየረገፈ እንደሚሄድ ሰምቼ ነበርና፣ ወደ ስልክ ሲገለበጥ አብሮ የተገለበጠውን ጉዳት ዛሬ ገና ያስተዋልሁት መሰለኝ። ባሕር ዳር ላለችው እኅቴ ደወልሁ። በስልኳ ከፍታ ሰማችውና «ወንድሜ፣ እዚህ ደኅና ነው» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኋትም፤ ትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ አታወጣምና፣ ጉዳቱ ቢኖርም አይሰማትም አልሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቀረጻውን ሳልከፍት በዝምታ ነዳሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ አባቴ ሁለተኛ የሞቱብኝ ያህል ተሰምቶኝ እንደ ነበር ለእርሷም መናገር አፈርሁ።

ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ በአጥቢያችን የሚያገለግል አንድ መካኒክ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ላይ ነገሩን ብነግረው ሳቀና «መምህር፣ እስቲ ቍልፉን ይስጡኝ» አለ። ከዚያም ድምፁን በማስተካከያው እየለየ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ላከው። ንዝረቱ ከአንድ ቦታ በቀር አልነበረም፤ እርሱም በሾፌሩ በር ውስጥ ካለው ድምፅ ማጉያ፣ በተለምዶ ስፒከር ከምንለው፣ የሚወጣ ነው። ከበሮ ያለበት ሌላ መዝሙር ከራሱ ስልክ ቢያጫውት ያው ንዝረት መጣ። «መምህር፣ አባትዎ ምንም አልሆኑም፤ የታመመው በሩ ነው» አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ስፒከር ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሾጣጣ አለው፤ ከበስተኋላው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ በማግኔት መካከል ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሾጣጣው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ቀጭን ድምፅ ጥቂት ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ሩቅ ይገፋዋል። በዙሪያው የሚይዘው የጎማ ጠርዝ ከማጣበቂያው ከለቀቀ፣ ሩቅ በተገፋ ጊዜ ይርገበገባል። ሰው ሲናገር ወይም ዋሽንት ሲነፋ አይታወቅም፤ ከበሮ ሲመታ ይታወቃል።

ዋስትናው ገና ስለ ነበረ መኪናውን ወደ ሸጠልን ድርጅት በጥር ወር መጀመሪያ ወሰድሁት። ማይሉ 31,400 ነበር። የተቀበለኝ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው፤ ቡናም ጋበዘኝ። ሦስት ሰዓት ጠብቄ የተሰጠኝ ወረቀት ግን «ችግሩ አልተገኘም» ይላል። ቴክኒሺያኑ በሞቀ ጋራዥ ውስጥ የሬዲዮ ወሬ ከፍቶ እንደ ሞከረው በኋላ ተረዳሁ። የእኛ በር ግን የሚጮኸው ሌሊቱን ውርጭ ሲያድርበት ነው። ወረቀቱን ተናድጄ አጣጥፌ በመሳቢያው ውስጥ ከዚያው ሳይነበብ ከተቀመጠው መጽሐፍ አጠገብ ጣልሁት።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጄን በመኪናው በር ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። ከኢንተርኔት ባየው ቪዲዮ ተመርቶ የበሩን ሽፋን ፈትቷል፤ ሁለት የፕላስቲክ ማያያዣዎችም ተሰብረዋል። «አባዬ፣ እየው» ብሎ አሳየኝ፤ የጎማው ጠርዝ ከታች በኩል የአውራ ጣት ያህል ለቅቋል። የመካኒኩ ቃል እውነት ሆነ። እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም፤ ያን ሌሊት መጽሐፉን አውጥቼ ባነብ፣ ባለቤቱ በነካካው ዕቃ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና የለም ይላልና። ልጁን ተቈጣሁት። እናቱ «ላንተ ብሎ ነው እኮ፤ አባትህን ሊያሰማህ» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜ ቍጣዬ ወደ ራሴ ዞረ።

በማግስቱ ሁለት ማያያዣ ገዛሁ። ዋጋቸው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ከልጄ ጋራ መልሰን ስንገጥማቸው ሽፋኑ እንዳልተነካ ሆኖ ገባ። መዶሻውን ሲያስቀምጥ «አባዬ፣ ከፍታችኋል ወይ ብለው ቢጠይቁን ምን እንላለን?» አለኝ። በሰንበት ት/ቤት ዐሥርቱን ትእዛዛት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ልጄም ከፊተኛው መቀመጫ አይጠፋም። ያን ምሽት መልስ አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ ማያያዣዎቹን የገዛሁት ጥያቄው እንዳይመጣ ብዬ ነበር።

ጥያቄው ግን መጣ። በጥር ወር መጨረሻ መኪናው ከደጅ አድሮ በጠዋት እንዲሞከር ስንወስደው ሠራተኛው ወረቀቱን እየሞላ፣ ይህን በር የከፈተው ሰው አለ ወይ አለኝ። ልጄ ከጎኔ ቆሟል። ሠራተኛው ጽሑፉን ትቶ ቀና ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ዘገየሁ። ከዚያም ልጄ ከፍቶት ሁለት ማያያዣ እንደ ተሰበረና እኔ እንደ ተካሁ ነገርሁት። አንድ በአንድ ጻፈው። በማግስቱም ደውሎ፣ ብልሽቱ ተገኝቷል፤ በሩ ስለ ተከፈተ ግን ዋስትናው አይሸፍነውም፤ ክፍያውም ከ400 ዶላር በላይ ነው አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ልጄ እያየኝ ነበር። ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

ከዚህ በኋላ ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ ሕጉንም ፈለግሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የጸና፣ በሴናተር ማግኑሰንና በምክር ቤት አባሉ በሞስ ስም የሚጠራ የዋስትና ሕግ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለሸማቾች በሰጠው ማብራሪያ፣ ባለቤቱ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ጠገነው በሚል ምክንያት ብቻ ዋስትናን መከልከል አይፈቀድም፤ የማይሸፈነው በተሳሳተ ጥገና የመጣው ጉዳት ነው። ታዲያ ስፒከሩ የተበላሸው ልጄ በሩን ከመክፈቱ በፊት ለመሆኑ ምስክሬ ማን ነው? ምስክሬ ያ ተናድጄ የጣልሁት «ችግሩ አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ችግሩን ባያገኙትም፣ እኔ ስለ ግራው በር ንዝረት ያቀረብሁት አቤቱታ ከነቀኑና ከነማይሉ በራሳቸው እጅ ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጥገና ወረቀት አይጣልም፤ ባለቤቴ ከክርስትና ወረቀቶቻችን ጋራ በአንድ አቃፊ ታስቀምጣቸዋለች።

በየካቲት መጀመሪያ ወረቀቱን ይዤ ኃላፊውን አነጋገርሁ። ኃላፊው አልተከራከረም፤ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ጠራ። እኚህ ሰው ከደጅ አድሮ በረዶ ከተጋገረበት መኪና ገብተው እጃቸውን በበሩ ላይ አኖሩና፣ ድምፁ የሚሰማበትን ዜማ አጫውት አሉኝ። የአባቴን ከፈትሁላቸው። ከበሮው ሲመታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም የግራውን ስፒከር ወደ ቀኝ በር፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩት፤ ንዝረቱም አብሮ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከሽቦውም ከበሩም አልነበረም። ፋብሪካው እንዲሸፍነው ጻፉልኝ። ሊወጡ ሲሉ የሚያዜመው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ናቸው አልኋቸው። መልሰው ተቀመጡና እስኪያልቅ ሰሙት።

ዕቃው እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። ማይሉ ወደ 36,000 ሲቃረብ ባየሁ ቍጥር ልቤ እየፈራ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በባቡር እሄድ ነበር። ከደብረ ዘይት እሑድ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ተገጠመ፤ ማይሉም 35,600 ሆኖ ነበር። ቴክኒሺያኑ አጫውተህ ሞክረው ቢሉኝ አመነታሁ፤ በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታምና። ለመፈተን ያህል ጥቂት ከፍቼ፣ ንጹሕ መሆኑን አይቼ ዘጋሁት። ልጄ «ጨርሰን እንስማው እንጂ» ቢል እስከ ፋሲካ ታገሥ አልሁት።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገዱ ባዶ ነበር። ልጄ ራሱ ከፈተው። አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ከበሮውም ተከተላቸው፤ ማንም አልተናገረም። ዜማው ሲያልቅ፣ ከዚህ ቀደም አስቀድሜ እየዘጋሁት ሰምቼው የማላውቀው አንድ ነገር ከመጨረሻው ላይ መጣ። አባቴ ጕሮሮአቸውን ጠረጉና ወንድሜን «አንተ፣ ይኸ ነገር አሁንም ይቀዳል እንዴ?» አሉት። ልጄ ሳቀ፤ ወደ ኋላ መልሶም ደግሞ አጫወተው።