የጉግስ ፈረስ ዳገት ይወጣል?

ጎረቤላ ሳገለግል አንድ ፈረስ አዋቂ አባት የነገሩኝን አልረሳም። «ልጄ፣ የጉግስ ፈረስ ሜዳ ላይ ሲፈተለክ አይተህ ለሩቅ መንገድ አይሆንም አትበል። ዳገት አውጣውና ሲቆም ትንፋሹ ቶሎ ይመለስ እንደሆነ እይ። ብዙ ጊዜ ፈረሱን የሚጥለው ልጓም የማይዝ ጋላቢ ነው።»

በዚያው ዓመት አንድ ወጣት ወንጌላዊ ወደ ገጠር ይላክ ወይ ተብሎ ተጠየቅሁ። በጉባኤ ላይ እሳት ነበር። «የአጭር ርቀት ሯጭ ነው፤ አይዘልቅም» ብዬ አስቀረሁት።

ኃይሌ ገብረሥላሴን አስቡ። በ1999 እ.ኤ.አ. ማኤባሺ ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትር አሸነፈ። በ2002 በለንደን ማራቶን 3ኛ ወጣ። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ፍጥነቱን አልጣለም፤ በዓመታት ልምምድ ጽናት ጨመረበት እንጂ።

ያ ወጣት በሌላ በር ገብቶ ወደ ገጠር ወረደ፤ ዛሬም እዚያው ያገለግላል። አምና እኔ ዝዬ አገልግሎቱን ልተው ስል ደውሎ የጸለየልኝ እርሱ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ኤርምያስ 12፥5ን አንብቡ። እግዚአብሔር የደከመውን ነቢይ ስለ ፈረሶች ሩጫ የጠየቀው ሊያስቀረው አልነበረም፤ ለሚብሰው መንገድ ሊያዘጋጀው ነው። እኔ ግን ዳገቱን ሳላሳየው ፈረድሁበት።

ወገኔ ሆይ፣ ፈጣኑን ወጣት «አይዘልቅም» ከማለትህ በፊት ዳገቱን አብረኸው ውጣ። ጌታ ይባርካችሁ።