መስተዋት የለበሰች ጊታር

አዲስ አበቤ ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው በፊት የሚጠይቃት ጥያቄ አለችው። «የየት ነው?» ጫማ ይሁን ቴሌቪዥን፣ የበር ቁልፍ ይሁን የሕፃን ጡጦ፣ መጀመሪያ አገሩ ይነገረን። «የጣልያን ነው» ከተባልን እጃችን ወደ ኪሳችን ይገባል። «የቱርክ» ከተባለ ትንሽ እናስባለን። «የቻይና» ከተባለ ደግሞ «ኦርጂናሉ ነው ወይስ ሌላው?» ብለን ሌላ ጥያቄ እንጨምራለን። «እዚሁ የተሠራ ነው» የሚል ነጋዴ ከገጠማችሁ… እሱ ሰውዬ ገና ንግድ አልለመደም ማለት ነው።

ባለፈው የሰማሁት መልስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ለየት ይላል። «የየት ነው?» ተባለ። «የቃሊቲ» አለ ልጁ።

ዕቃው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ሠሪው የሰፈራችን ልጅ ነው። ሠላሳውን ተሻግሯል፤ ግን እኛ ሰፈር ሰው እስኪሸብት ድረስ «ልጅ» ነው። ስሙን አልጽፍም። ከዓመታት በፊት በአንድ ምሽት ጠብ ሰው ጎዳና ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም አራት ዓመት ከስምንት ወሩን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጨርሶ በአመክሮ ወጣ። የተጎዳው ሰውዬ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ጊታሯ ማማር ሳወራ ያ እግር እንዳይረሳ ነው። በሽማግሌ ታርቀዋል፤ እርቅ ግን እግር አይጠግንም። ልጁም ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

የእንጨት ሥራ የተማረው እዚያው ነው። የእስረኛ የእጅ ሥራ መቼም ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ስንቅ በሳህን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ ቃሊቲ የወረደ ሰው በዶቃ የተሠራ ቦርሳ ወይም የሹራብ ኮፍያ ይዞ ተመልሶ ያውቃል። ቤታችን ግድግዳ ላይም ይኖራል። ልጁ ታዲያ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እዚያ እያለሁ በርጩማ ሠርቼ ተሽጦልኛል። የገዙት ሰዎች ግን በርጩማውን አገላብጠው አላዩትም። እግሩ ይንገዳገድ፣ አይንገዳገድ አልሞከሩም። አዝነውልኝ ነው የገዙኝ።»

«የገዙኝ» ነው ያለው፤ «የገዙልኝ» አላለም።

መስተዋቷን በተመለከተ ያጫወተኝ ደግሞ ይኼ ነው። እስር ቤት ስለት ያለው ነገር እንደ ልብ አይገባም፤ መስተዋት ሲሰበር ስለት ነው። ስለዚህ ፊቱን የሚያየው ባልዲ ውሃ ላይ ወይም በጣሳ ክዳን ነበር። ሙሉ ቁመቱን ለዓመታት አላየም። የተፈታ ቀን ከቃሊቲ በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ሲመጣ ግራና ቀኙ መስተዋት የለበሰ ሕንጻ ሆኖ ጠበቀው። ከታክሲ ወርዶ ሲራመድ አንድ ከሲታ ሰውዬ በሕንጻው ግድግዳ ውስጥ አብሮት ይሄዳል። «ሌባ መሰለኝና ኪሴን ያዝኩ» አለኝ እየሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እንግዲህ ይህች ከተማ መስተዋት ትወዳለች። ዓለም በቃኝ የሚባለው የድሮው ወህኒ ቤት የነበረበትን ቦታ አስታውሱ። ፈረሰና የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆመበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ወጣት የሚያየው መስተዋቱን ነው። እስር ቤትን ከከተማ መሀል ማንሳት ይቻላል፤ ስሙ ግን አብሮ ይሰደዳል። «ቃሊቲ ወረደ» ማለት ታሰረ ማለት ከሆነ ስንት ዘመኑ። አንድ የማውቀው ሹፌር ቃሊቲ ተወልዶ፣ ቃሊቲ አግብቶ የሚኖር ነው። «የት ነህ?» ሲሉት «ቃሊቲ» ካለ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «መቼ ትፈታለህ?»

ወደ ጊታሯ እንመለስ። አካሏ ዋንዛ ነው፤ ከበሮ የሚፈለፈልበት፣ ሰውም አልጋ የሚያሠራበት ዋንዛ። አንገቷ ቀረሮ፣ ጣት የሚረግጥበት ገበታ ደግሞ ወይራ። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራር ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው። ድምፁን የሚወልደው ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔትና በማግኔቱ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኃይል ይረብሸዋል፤ ረብሻው በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ማጉያው ያንን ተቀብሎ ያጮኸዋል። ሽቦው ከፀጉር አይወፍርም፤ በሺህ የሚቆጠር ዙር መጠምጠም አለበት። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠመጥመዋል። የእኛ ልጅ ምናለሽ ተራ ካገኘው አሮጌ ጥቅል እየፈታ በእጁ ጠመጠመው። ስድስት ሺህ ዙር። «አልሰለቸህም?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ መቁጠር ነው የተማርኩት» አለኝ።

አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። ክሩ ከላይኛው ማረፊያ እስከ ታችኛው 64.8 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ብረት የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ይህን ርዝመት ለ17.817 ማካፈል ነው፤ ከላይ 3.6 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ከዚያ የቀረውን ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ማካፈል፤ እንዲህ እያሉ መውረድ። አሥራ ሁለተኛው ብረት ልክ መሀል ላይ ካረፈ ሒሳቡ ትክክል ነው ማለት ነው። በሚሊ ሜትር ከተሳሳቱ ጊታሩ ዕድሜ ልኩን ቅኝቱ የተዛባ ይሆናል። ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ሒሳቡን በደብተር ጽፎ አሳየኝ፤ በካልኩሌተር ፈተንኩት፤ ልክ ነው።

መስተዋቱ ላይ ግን ተሸነፈ፤ መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው። አንድ ወጥ ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስተዋት በጊታሯ ቅርጽ አስቆርጦ በጠንካራ ኮላ ለጠፈው። ክብደቷ ወደ አንድ ኪሎ ጨመረ፤ ያ ይቻላል። ሐምሌ ሲገባ ግን ዋንዛው እርጥበት ጠጥቶ አበጠ። እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ መስተዋት እሱን አያውቅም። አንድ ሌሊት ጠረጴዛው ላይ እንዳለች ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀች። እናቱ የመስተዋት መሰበር ደስ አይላቸውም። «ተወው ልጄ፣ ይኼ ነገር ይቅርብህ» አሉት። እሱ ግን የተሰነጠቀውን ሲያይ ሌላ ነገር ታየው።

መስተዋት ቤቶች ቆርጠው የሚጥሉትን ቁርጥራጭ በከረጢት ለቀመ። ከጥፍር እምብዛም የማይበልጡ ከአንድ ሺህ በላይ ቁራጮች አዘጋጀ። የእያንዳንዱን ጠርዝ ሞርዶ አንድ በአንድ ለጠፈ፤ በመሀላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ተወ፤ ክፍተቱንም በለስላሳ ስቱኮ ሞላ። እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱ ይከፈታል፤ ሲኮማተር ይዘጋል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሳምንት ሙሉ። (የአናጺ ቋንቋ እንዴት ደስ ይላል! ብርጭቆን በብርጭቆ ወረቀት።) አሁን ጊታሯን ፊት ለፊት ብትቆሙ ፊታችሁን ሙሉውን አታዩትም። አንድ ዓይን እዚህ፣ ግማሽ ከንፈር እዚያ፣ አንድ ጆሮ ከታች።

በዓለም የመጀመሪያው ነው ብዬ አላጋንንም። ኪስ የሚባለው የአሜሪካኖች ባንድ ዘፋኝ ፖል ስታንሊ ፊቱ የተሰነጣጠቀ መስተዋት የሆነ ጊታር ይዞ መድረክ ከወጣ ዘመን የለውም። ቤት ውስጥ ጊታር መሥራትም አዲስ አይደለም። የክዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በ1960ዎቹ ገና ጎረምሳ ሳለ ከአባቱ ጋር ጊታሩን የሠራው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው፤ ውስጡ የሞተር ሳይክል ስፕሪንግ አለበት። ዕድሜ ልኩን እሱኑ ሲጫወት ኖረ። ሰው ይህን ሲሰማ «አይ ፈረንጅ! ብልሃት!» ይላል። እኛ ጋ ከዋንዛና ከምናለሽ ተራ ሽቦ ሲሠራ ምን እንደሚባል አሁን እነግራችኋለሁ።

አንድ በምሽት ክበብ የሚጫወት ጊታሪስት መጣ። በሰው በሰው ሰምቶ ነው። ልጁን ሰላም ካለው በኋላ ከማጉያው ጋር አገናኝቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቅኝቷን ፈተነ፤ ከዚያ ትዝታ፣ ከዚያ ባቲ። የእኛው ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጮኽ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኤሬ መላ መላ»ን ከኢቤክስ ባንድ ጋር ሲቀርጽ የሰላም ስዩም ጊታር ምን ያደርግ እንደነበር የሰማ ያውቀዋል። ጊታሩን ግን ከውጭ እናስመጣለን። ሰውዬው ተጫውቶ ተጫውቶ፣ ቀና አለና ጥያቄዋን ጠየቀ። «የየት ነው?»

«የቃሊቲ» አለ ልጁ። የጊታሯ አንገት ጫፍ ላይ፣ ሌሎች ጊታሮች የፋብሪካቸው ስም የሚጻፍበት ቦታ፣ «ቃሊቲ» ተብሎ በመሮ ተቀርጿል።

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ገባው። «እ… እዚያ ነበርክ?» አለ። ነበርኩ። «በምን?» ነገረው፤ አልዋሸም። ጊታሯን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። ዋጋ ጠየቀ፣ ልጁ ነገረው፣ አልተከራከረም። «አንድ ነገር ብቻ» አለ፤ «ያቺን ስም አጥፋልኝ። መድረክ ላይ ሰው ያነባታል። ከፈለግህ ምንም አትጻፍ፣ ካልሆነም የውጭ ስም ጻፍ። እንደዚያ ካደረግህ ካልከው በላይ እጨምርልሃለሁ።»

ቀብድ ትቶ ሄደ። ልጁ ሦስት ቀን እንዲያስብበት ነው።

እናቱ «አጥፋው» አሉ። ምክንያታቸውን ማንም አይነቅፍም። አራት ዓመት ከስምንት ወር ሳህን ይዘው የተመላለሱት እሳቸው ናቸው፤ ስሙን ግድግዳቸው ላይ ማየት አይፈልጉም። እኔም ቢሆን ልቤ ወደሳቸው አደላ። ልጁ ከወጣ በኋላ ሥራ የጠየቀባቸው ቤቶች ሁሉ «አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ አምጣ» ይሉታል። አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ የእጁን ሥራ አይተው ወደውት ነበር፤ ማስረጃው ሲጠየቅ ነገሩ ተበላሸ። ሕጉስ በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚል ነገር አለው፤ ጊዜው ሲሞላና ጠባይ ሲመሰከር ስሙ በፍርድ ቤት ይታደሳል። እስከዚያ ግን ሰው መብላት አለበት። ታዲያ ገንዘቡ እጁ ከገባ፣ ሦስት የተቀረጹ ፊደላት በብርጭቆ ወረቀት ቢጠፉ ምናለበት?

እንዲህ አልኩት። የመለሰልኝን በራሱ አነጋገር ልጻፈው፦

«ጋሼ፣ እኛ ቤት ፓስታው የቃሊቲ ነው። ካርቶኑ ላይ ቃሊቲ ይላል። አንድም ቀን "የታሰረ ፓስታ" ያለው ሰው የለም።»

አሳቀኝ፤ ግን እውነቱን ነው። እዚያው ቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ አለ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ አለ። ብስኩቱን ሕፃን ይበላዋል፣ ብረቱ ቤታችንን ተሸክሞታል። ቃሊቲ የሚለው ቃል የሚያስነውረው ሰው ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ደግሞም ነውሩ ከእስሩ የጀመረ አይደለም። ይህች አገር እንጨት የሚጠርበውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን «ቡዳ ነው» ስትል የኖረች ናት። ዘፋኙን «አዝማሪ» ስትል በስድብ ቃና ነበር። ልጃችን ሁለቱንም ይዟል፤ እስሩ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረበት። ሌላ አገር ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ አለ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ቢሊ ብራግ እ.ኤ.አ. በ2007 ለእስረኞች ጊታር የሚያስገባ ሥራ ጀመረ። በ2009 አሜሪካ ያስገባው ዌይን ክሬመር ደግሞ እሱ ራሱ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ታስሮ የወጣ ጊታሪስት ነበር፤ መታሰሩን ደብቆ አያውቅም። እዚያ እስረኛው ጊታር እንዲሰጠው ነው የሚለመነው። የእኛው ልጅ ጊታሩን ራሱ ሠርቶ መጥቷል።

በሦስተኛው ቀን ጊታሪስቱ ተመልሶ መጣ። ልጁ ቀብዱን በፖስታ አድርጎ አዘጋጅቶ ጠበቀው። ጠብ የለም፣ ክፉ ቃል የለም። «ስሟን ካጠፋሁ ሌላ ጊታር ትሆናለች፤ እሷን ደግሞ አልሠራሁም» አለው። ሰውዬው ፖስታውን ተቀበለ። ወዲያው ግን አልሄደም። ሻይ ቀረበለት፤ ማጉያውን ከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተባት። የሰፈር ልጆች በበሩ ሞሉ። በመስኮት የገባው ፀሐይ መስተዋቷ ላይ እያረፈ የብርሃን ነጠብጣብ ጣሪያውን፣ የልጆቹን ፊት፣ የእናትየዋን ነጠላ አዳረሰ። እናትየዋ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው «ኧረ ይቺ ነገር ታውራለች!» አሉ። ሲወጣ ጊታሪስቱ «ከወሰንክ ደውልልኝ» አለው። ልጁም «አንተም» አለው።

ጊታሯ እስከ አሁን አልተሸጠችም። አልጋው በላይ በሚስማር ተሰቅላለች። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው በርና መስኮት እየጠገነ ነው። ሁለተኛዋን ጀምሯል፤ እሷ መስተዋት የላትም፤ ስሟ ግን ያው ነው፣ ከወዲሁ ተቀርጿል።

ትናንት ብቅ ብዬ ነበር። ከበሩ ላይ «እንዴት ዋልክ?» ስለው ቀና ሳይል እጁን አነሳብኝ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ጉልበቱ ላይ ማግኔቱ፣ በጣቶቹ መሀል ሽቦው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት… አሥራ ሰባት… ጋሼ ይቀመጡ፣ ሦስት ሺህ ስደርስ እናወራለን… አሥራ ስምንት…»