ከዜሮ በፊት አንድ ጥሪ፦ የበይነ መረብ ትምህርትና የተማሪዎች ተሳትፎ በድሬዳዋ ከተማ

መግቢያ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ሲታወቅ የትምህርት ተቋማት በራቸውን ዘጉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደየቤተሰባቸው ሲመለሱ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን ትምህርታቸውን በበይነ መረብ እንዲቀጥሉ ተወሰነ። በድሬዳዋ ከተማ ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል ከሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተማሩ አንድ መምህርም በአንድ ሳምንት ውስጥ ክፍላቸው ወደ ቴሌግራም ቡድን ተለውጦ አገኙት። ይህ ጽሑፍ የእኚህን መምህር የአንድ ወሰነ ትምህርት ውሎ በመከተል፣ ተማሪን በርቀት ከትምህርቱ ጋር አስተሳስረው የሚያቆዩ መርሆች የትኞቹ እንደሆኑ ይመረምራል።

መምህሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደረጉት የሚያውቁትን ነበር። የአንድ ሰዓት ገለጻቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ላኩ፤ ማስታወሻውን አያያዙ፤ በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ብለው ጻፉ። የጠየቀ አልነበረም። «ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ» ከሚል መልስ በቀር ቡድኑ ጸጥ አለ። አንዲት ተማሪ ግን ይህንንም አልጻፈችም። ሁለት የቤት ሥራዎች አለፏት። መምህሩ በስሟ ትይዩ ዜሮ አስፍረው፣ ከጎኑ «ሳታቋርጥ አልቀረችም» የሚል ማስታወሻ ጨመሩ።

ከፕላዝማው የቀረ ትምህርት

በማያ ገጽ ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚተላለፍ፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። የሥርጭቱ ዓላማ በጎ ነበር፤ የሠለጠነ መምህር እጥረት ያለበት የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል እንዲማር ማድረግ። ይሁን እንጂ የማያ ገጹ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ጠብቆ መልሱን ራሱ ይሰጣል፤ ከዚያም ያልፋል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። የክፍሉ መምህርም ድርሻ ከመግቢያና ከማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች የዘለለ አልነበረም።

መምህሩ ራሳቸው በዚያ ዘመን ፕላዝማ በተተከለበት ክፍል ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ነበሩ። ያኔ ያማረሩበትን ነገር አሁን በገዛ ስልካቸው እየደገሙት መሆኑን ሲያስተውሉ ደነገጡ። ቴክኖሎጂው ተለውጧል፤ ቴሌግራም እንደ ፕላዝማው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መንገድ አይደለም። አንድ አቅጣጫ ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

የስልኩ ጥሪ

በአራተኛው ሳምንት መምህሩ ዜሮ ወደ ሞሉላት ተማሪ ደወሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ስልኩ ተነሣ። ተማሪዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ከቁልቢ ባሻገር ወደሚገኘው የወላጆቿ መንደር ሄዳለች። በመንደሩ መብራት የለም፤ ስልኳን የምትሞላው በገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤት ነው። የበይነ መረብ ምልክት የሚገኘው ደግሞ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ቪዲዮው አልከፈት አለኝ እንጂ ትምህርቱን አልተውኩም» አለች። የገዛችው የኢንተርኔት ጥቅል ግማሽ ቪዲዮ እንኳ ሳያወርድ አልቆባታል። የቤት ሥራዎቹን ጥያቄዎች ድሬዳዋ የቀረች የክፍል ጓደኛዋ በስልክ አንብባላት ሁለቱንም በደብተር ሠርታለች፤ የምትልክበት መንገድ ግን አላገኘችም። መምህሩ እንድታነብላቸው ጠየቋት። አነበበች። የሰሙት መልስ ከተቀበሏቸው ሁሉ የበሰለ ነበር።

ዜሮው በዚያው ዕለት ተሰረዘ። መምህሩን ያሳሰባቸው ግን ስሕተቱ መታረሙ ሳይሆን፣ ባይደውሉ ኖሮ ሊሆን የነበረው ነው፤ የምታውቅ ተማሪ፣ «አታውቅም» ከሚል ውጤት ጋር ከትምህርት ገበታ ትሰናበት ነበር።

ሦስቱ ግንኙነቶች

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር በ1989 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ የተማሪን ግንኙነት በሦስት ይከፍለዋል፦ ከይዘቱ ጋር፣ ከመምህሩ ጋር፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድመው ቺከሪንግና ጋምሰን የመልካም ማስተማር ሰባት መርሆችን ሲዘረዝሩ የተማሪና የመምህር ቅርበትን በመጀመሪያ ደረጃ አስቀምጠዋል፤ የተማሪዎች ትብብር፣ ንቁ ተሳትፎ፣ ፈጣን ግብረ መልስ፣ ለሥራ የሚሰጥ ጊዜ፣ ከፍ ያለ ግምትና የተለያየ ችሎታን ማክበር ይከተላሉ። የመምህሩ ክፍል ከእነዚህ መካከል የነበረው ይዘቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ለሁሉም አልተዳረሰም።

ስለዚህ መምህሩ ከይዘቱ ጀመሩ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት የሚፈጀውን ቪዲዮ ትተው፣ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ የሚወስድ የዐሥር ደቂቃ የድምፅ መልእክትና አጭር ጽሑፍ መላክ ያዙ። የወሩን ንባብ በአንድ ጊዜ አስቀድመው ሰደዱ። በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» በማለት ፈንታ፣ ከተማሪው የሥራ ቦታ ካልሆነ በቀር መልስ የማይገኝለት አንድ ጥያቄ አስቀመጡ።

ቀጥሎ ተማሪዎቹን በአምስት በአምስት ከፈሏቸው። በየቡድኑ ስልክ የሚያነብ፣ የሚያስታውስ፣ የቀረውን የሚፈልግ አንድ ሰው ተመረጠ፤ ለቁልቢዋ ተማሪ ጓደኛዋ በበጎ ፈቃድ ያደረገችው አሁን ሥርዓት ሆነ። ድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ መንደር የሚሰሙባት ከተማ ናት። መምህሩ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ የቡድን ውይይቱ ግን በሚቀና ቋንቋ ይካሄድ አሉ። በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎች መከራከር ጀመሩ።

ሰዓትም ተለወጠ። ሱቆች እንኳ በቀትር ሐሩር በሚዘጉባት ከተማ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የተቀጠረ ውይይት ሰው አጥቶ ነበር። ወደ ምሽት አንድ ሰዓት ሲዛወር፣ በሳምንቱ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት እንዲሆን ተደረገ። የግብረ መልስ ጊዜ በሁለት ቀን ተወሰነ፤ አንድ መስመር ብትሆንም ተማሪው ሥራው መነበቡን ያውቃል።

የሰኔው ፈተና

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡ ለሦስት ሳምንት ገደማ ዘለቀ። በኀዘንና በሥጋት መካከል የቤት ሥራ ማሰብ ለብዙዎች ከባድ ነበር። ሆኖም ንባቡ አስቀድሞ በየእጃቸው ነበር፤ አምስት አምስቱም የየራሳቸውን ስልክ ቁጥር ያውቁ ነበር። በመደበኛ የስልክ ጥሪ በመጀመሪያ ስለ ደኅንነት፣ ቀጥሎም ስለ ትምህርቱ ተጠያየቁ። መምህሩ የማስረከቢያ ቀኑን አራዘሙ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከትምህርቱ የጠፋ ተማሪ አልነበረም።

ገደቦችና ማጠቃለያ

ይህ አሠራር ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ ሥራ በሁለት ቀን መልስ መስጠት የመምህሩን ምሽት በልቷል፤ የተማሪው ቁጥር መቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው አቅም አይቻልም ነበር። ቤተ ሙከራ የሚሹ ትምህርቶችም በድምፅ መልእክት አይሰጡም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በመምህሩ ትጋት ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም፤ የክፍል መጠን፣ የኢንተርኔት ወጪና የመምህሩ የሥራ ሰዓት ስሌት የተቋሙ ድርሻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር በጀመረው የኢ-ለርኒንግ መርሐ ግብር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በዲጂታል ማስተማር ለማጠናከር እየተሠራ ነው። አዲሶቹ ሥርዓቶች ተማሪው መቼ እንደገባ፣ ምን እንደከፈተ፣ መቼ እንደጠፋ ይመዘግባሉ። ለምን እንደጠፋ ግን መዝገቡ አይናገርም።

መምህሩ ዛሬም በበይነ መረብ ሲያስተምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ ይደውላሉ፤ መብራት፣ ምልክትና ጸጥ ያለ ሰዓት የት እንዳለው ይጠይቃሉ። ለሥራ ባልደረቦቻቸው የሚሰጡት ምክርም ይኸው ነው፤ ዜሮ ከመጻፍ በፊት መደወል።