ሉፋ፦ ከጓሮ ሐረግ የሚገኝ የገላ መፈተጊያ

ሉፋ ከዱባ፣ ከቅል፣ ከኪያርና ከሐብሐብ ወገን የሆነ ሐረግ ነው፤ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አፍርቶና ደርቆ ዕድሜውን ይጨርሳል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቃጫማና ቀላል ሆኖ ያየው ሰው ብዙ ጊዜ ከባሕር የወጣ ይመስለዋል። ይህ ግምት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ጥንት ስፖንጅ የሚባለው በእርግጥም ከባሕር ወለል የሚነቀል እንስሳ ነበር። ሉፋ ግን አትክልት ነው። ገላ የሚታሽበት ክፍል የፍሬው ውስጠኛ አካል ሲሆን፣ ልጣጩ ተነስቶ፣ ዘሩ ረግፎና ሥጋው ታጥቦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነው።

በማንኛውም ፍሬ ውስጥ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በኪያር ውስጥ ለጥርስ እንኳ አይታወቁም። በሉፋ ግን ፍሬው እየጎለመሰ በሄደ ቁጥር ይወፍራሉ፣ ይጠነክራሉም፤ እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከሴሉሎሱ ጋር ይዋሐዳል። ቃጫዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄዱም። ገሚሶቹ ፍሬውን ዙሪያውን ይጠመጥሙታል፣ ገሚሶቹ ቁመቱን ተከትለው ይወርዳሉ፣ መካከል ላይ ደግሞ ዘሮቹ የተቀመጡባቸው ባዶ ቦታዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃሉ። ውኃና አየር እንደ ልብ የሚያልፍበት፣ ሲጨመቅ የሚተኛ፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ድርና ማግ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው የፕላስቲክ ስፖንጅ በኬሚካል አረፋ የሚያገኘውን ባሕርይ ይህ ሐረግ በፀሐይና በውኃ ብቻ ያገኘዋል።

በዚህ የተነሳ ከአንድ ሐረግ ሁለት ዓይነት ምርት ይገኛል። ፍሬው ከ15 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ፣ ገና ለጋ ሳለ ከተቆረጠ የሚበላ አትክልት ነው፤ በህንድ፣ በቻይና፣ በቬትናምና በፊሊፒንስ በወጥና በሾርባ ይሠራል፣ በዘይትም ይጠበሳል። ጥቂት ሳምንታት ከቆየ ቃጫው አፍ ውስጥ ይቀራልና ለማዕድ አይሆንም። ሲቀመስ የመረረ ፍሬ ደግሞ ለጋም ቢሆን መጣል አለበት፤ በዱባ ወገን ተክሎች ውስጥ መራራነት ሆድን የሚያውክ መርዝ ምልክት ነው። በስፋት የሚመረተው ሉፋ ሁለት ዓይነት ነው፦ ቆዳው ለስላሳ የሆነውና ቁመቱን ተከትለው የሚወርዱ ሹል ሸንተረሮች ያሉት። ሁለተኛው ይበልጥ የሚታወቀው በምግብነቱ ነው። ጥሩ መፈተጊያ የሚሰጠው ለስላሳው ስለሆነ፣ ዘር የሚገዛ ሰው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ይገባል።

የሉፋ ጥንተ መሠረት የደቡብ እስያ ሞቃት ምድር ነው። ለስላሳው ዓይነት በሳይንሳዊ ስሙ ግብፃዊ ተብሎ የተመዘገበው፣ የአውሮፓ ሊቃውንት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ እርሻዎች ላይ ሲለማ አይተው ስለመዘገቡት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃፓን ሉፋን ለውጭ ገበያ ማምረት ጀመረችና እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ዋናዋ አቅራቢ ሆና ቆየች። በዚያ ዘመን ሉፋ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም። በእንፋሎት በሚሠሩ መርከቦች ሞተር ውስጥ ዘይትን ከውኃ የሚያጠልል ማጣሪያ፣ የጫማ ውስጠኛ ንጣፍ፣ የወታደር ብረት ቆብ ትራስ ሆኖ አገልግሏል። ጦርነቱ ከጃፓን የሚመጣውን ሲያቋርጥ አሜሪካ ፊቷን ወደ ላቲን አሜሪካ አዙራ አምራች ፍለጋ ገባች። ጃፓኖች ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ውኃም ይፈልጉታል፤ ሐረጉን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ቆርጠው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ በማስገባት የሚያጠራቅሙት ይህ ፈሳሽ ለቆዳ ማለስለሻና ለሳል መድኃኒት ሲያገለግል ኖሯል። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1902 ያረፈው ገጣሚ ማሳኦካ ሺኪ የመጨረሻ ግጥሞቹን የጻፈው ስለ ሉፋ ስለነበር፣ የሞተበት ዕለት እስከ ዛሬ በሉፋ ስም ይታሰባል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኤልሳ ሳልዲቫር የተባለች ፓራጓያዊት፣ የገጠር ሴቶች ያመረቱትንና ለገበያ ያልበቃውን ሉፋ ከወዳደቀ ፕላስቲክ ጋር በማዋሐድ ለቤት ግድግዳና ጣሪያ የሚሆን ሰሌዳ እንዲሠራ አድርጋለች፤ ለዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2008 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷታል።

ይህን ሐረግ በቤት ለማልማት ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ጊዜ ነው። ከዘር እስከ ደረቀ ፍሬ ከ5 እስከ 6 ወር ተኩል ይወስዳል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥም ውርጭ ሊያገኘው አይገባም። የሚስማማው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ የቀን ሙቀት ነው፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱን ያቆማል። በኢትዮጵያ እንደ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ሙቀታቸው ይመቸዋል። አዲስ አበባን የመሰለ ደጋ ከተማ ላይ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝና ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ ከሌለ ሐረጉ ቅጠል እንጂ ፍሬ ላያሳይ ይችላል።

ክረምቱ በሰኔ ገብቶ በመስከረም በሚወጣባቸው አካባቢዎች ችግኙ በሚያዝያ ቢፈላና በግንቦት ወደ ቦታው ቢዛወር ተስማሚ ነው። ሐረጉ የክረምቱን ዝናብ ተጠቅሞ ያድጋል፣ በነሐሴና በመስከረም ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬውም በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ይህ መገጣጠም ትልቅ ዕድል ነው፤ በብዙ አገር ገበሬው የሚቸገረው ፍሬው ሊደርቅ ሲል ዝናብና ብርድ እየቀደመው ስለሆነ ነው። በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ይለያል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ውርጭ የሌለበት ወራት ለሉፋ ልክ ልኩን ነውና ችግኙን በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ቤት ውስጥ ማፍላት የግድ ነው። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ የእርሻ ሙከራዎችም ዘርን በቀጥታ መሬት ላይ ከመዝራት ይልቅ ችግኝ አፍልቶ መትከል፣ አፈሩንም በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ማሞቅ ምርቱን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል።

የሉፋ ዘር ጥቁር፣ ጠፍጣፋና ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ጥቂት ፈግፍጎ ለአንድ ቀንና ሌሊት ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ያፈጥነዋል። በሞቀ አፈር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ በቀዘቀዘና ውኃ በበዛበት አፈር ግን ይበሰብሳል። ሥሩ መነካት አይወድም። ስለዚህ ችግኙን በጋራ መደብ ከማፍላት ይልቅ እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ማሰሮ፣ በላስቲክ ከረጢት ወይም አፉ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ማሳደግና ከነአፈሩ ማዛወር ይሻላል። የሚተከልበት ጉድጓድ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ የተቀላቀለበት፣ ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ጓሮ የሌለው ሰው ቢያንስ 20 ሊትር በሚይዝ፣ ከሥሩ በተበሳ ጀሪካን ወይም ባልዲ ውስጥ አንድ ተክል ማሳደግ ይችላል፤ በሞቃት ቀን ግን በየዕለቱ ውኃ ማግኘት አለበት። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት ሐረግ ከበቂ በላይ ነው።

ሐረጉ 9 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ፍሬው ውኃ ሲሞላ ደግሞ ይከብዳል። መሬት ላይ የተተወ ፍሬ ይጣመማል፣ አፈር በነካው በኩልም ይበሰብሳል። ተንጠልጥሎ ያደገው ቀጥ ያለ፣ ቃጫውም ያልተዛባ ይሆናል። ስለዚህ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ጠንካራ ድጋፍ መሠራት አለበት፤ ከሁለት ሜትር የማያንስ አጥር፣ የሽቦ መረብ ወይም ለወይን እንደሚደረገው የቆመ ዳስ ይበቃዋል። ደካማ ድጋፍ የሚወድቀው ፍሬው ሲከብድ ስለሆነ በኋላ ማደስ አይቻልም፤ ግንዱ ሳይሰበር ማንሳት አስቸጋሪ ነው። ዳሱ በረንዳ አጠገብ ከሆነ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ጥሩ ጥላ ይሰጣሉ።

ከተተከለ ከ6 ሳምንት ጀምሮ ደማቅ ቢጫ አበቦች ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚታዩት በዘለላ የሚወጡት ወንዴዎች ናቸው፤ አብበው ሲረግፉ ያየ ጀማሪ ተክሉ መካን መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። ሴቴዋ አበባ ዘግይታ፣ ብቻዋን ትመጣለች፤ ከአበባው ሥር ባለችው ጣት የምታህል ፍሬ ትለያለች። ንብ በብዛት በሚገኝበት ቦታ ሌላ ሥራ የለም። ንብ ከሌለ ጠዋት ገና አበባው እንደተከፈተ ወንዴውን ቆርጦ፣ ቅጠሎቹን አንስቶ፣ ብናኙን በሴቴዋ መካከል መቀባት ያስፈልጋል። ጉንዳኖች በሐረጉ ላይ ሲመላለሱ መድኃኒት ለመርጨት መቸኮል አይገባም፤ የሚመጡት ተክሉ ከአበባው ውጭም የሚያመነጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው ነው። በእርግጥ የሚጎዱት ለጋውን ፍሬ ወግቶ ውስጡ እንቁላል የሚጥለው የፍራፍሬ ዝንብና በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ ናቸው። ለጋውን ፍሬ በወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈን ዝንቡን ይከለክላል። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የሚወጡ አበቦችና ለጋ ፍሬዎች ለመድረቅ ጊዜ ስለማይኖራቸው መቆረጣቸው ይጠቅማል፤ የሐረጉ ጉልበት ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል።

የሉፋ ምርት በአብዛኛው የሚበላሸው በመቸኮል ነው። አረንጓዴና ከባድ ሆኖ የተቆረጠ ፍሬ ልጣጩ አይለቅም፤ ተታግሎ ቢላጥ እንኳ ቃጫው ሳስቶ ይገኛል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላም ይፈርሳል። ፍሬው ከሐረጉ ሳይለይ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡኒ እስኪለወጥ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ውኃው ተንኖ ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፣ ልጣጩ ተሰባሪ ይሆናል፣ ሲወዛወዝም ዘሩ ሲንኳኳ ይሰማል። ቢጫ በሆነና ልጣጩ በላላ ጊዜ ቆርጦ መላጥም ይቻላል፤ እንዲያውም ያን ጊዜ የሚገኘው ቃጫ ይበልጥ ነጭና ለስላሳ ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀው ጠቆር ያለና ሻካራ ስለሚሆን ለዕቃ እጥበት ይመረጣል። ውርጭ ወይም ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ ፍሬዎቹን ሰብስቦ አየር በሚዘዋወርበት ቤት ማንጠልጠል ከመበስበስ ያድናቸዋል።

የደረቀውን ለመላጥ በመዳፍ ተጭኖ ልጣጩን ማሰንጠቅና በጣት ማንሳት በቂ ነው። ከተጣበቀ ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መቆየት ያላላዋል። ከታች ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ስትነሳ የዘሮቹ መውጫ ይከፈታል፤ ከመርጠቡ በፊት ፍሬውን ዘቅዝቆ ቢራገፍ ዘሩ ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዝልግልጉ እስኪለቅና የሚጨመቀው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ በሳሙና ማጠብ ነው። ይህ እርምጃ በግዴለሽነት ከታለፈ ቃጫው ውስጥ የቀረው ሥጋ ይሻግታል። በገበያ ላይ ያለውን ንጣት ለማምጣት አንዳንዶች በረኪና ይጠቀማሉ፤ በቀጠነ መጠን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ካልሆነ ቃጫውን ያደክማል፣ ለገላ የሚሆነውንም ያለ በረኪና መተው የተሻለ ነው። በመጨረሻ በፀሐይ ላይ ሰቅሎ እስኪኮሰኩስ ማድረቅ፣ ከዚያም ለሚፈለገው አገልግሎት መቁረጥ ነው። ለገላ በረጅሙ፣ ለሳሙና ማስቀመጫ በክብ ቁራጭ፣ ለብርጭቆና ለድስት ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቆና ተዘርግቶ ያገለግላል። እንደ ብረት ሽቦ አይቧጥጥም፣ ስለዚህ የማያጣብቅ መጥበሻን አይጎዳም።

ደረቅ ሳለ የሚኮሰኩሰው ሉፋ ውኃ ሲነካው በደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል። ያንን እርጥበት ይዞ ሲውል ግን ለባክቴሪያ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የሕክምና ጥናት፣ ያልደረቀ ሉፋ ቆዳን የሚያቆስሉ ተሕዋስያንን አራብቶ ወደ ተጠቃሚው ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳይቷል። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አጥቦ፣ ጨምቆ፣ ከመታጠቢያው ክፍል ውጭ አየር ባለበት መስቀል፣ በየሳምንቱም በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ይገባል። ፊት ላይ፣ ቁስል ባለበትና በተላጨ ቆዳ ላይ አይጠቀሙበትም፤ ለሌላ ሰውም አይዋስም። ሽታ ያመጣ ወይም የጠቆረ ሉፋ ጊዜው አልፏል፤ ተቆራርጦ ከሌላው የጓሮ ጥራጊ ጋር ቢቀበር ይበሰብሳል፣ ወደ አፈርም ይመለሳል።

ለቀጣዩ ዓመት የሚቀመጠው ዘር ሙሉ በሙሉ ከደረቀ፣ ቀጥ ብሎ ካደገና ቃጫው ጠንካራ ከሆነ ፍሬ ይመረጣል። አጠገቡ ዱባ ወይም ኪያር መኖሩ አያሳስብም፤ ከነሱ ጋር አይዳቀልም። ሸንተረር ያለው ሉፋ በአቅራቢያው ካለ ግን የሁለቱ ዘር ሊቀላቀል ይችላል። ዘሩ በጥላ ሥር ጥቂት ቀን ተናፍሶ፣ በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለበርካታ ዓመታት የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል።