ያረጀው በር የማን ውበት ነው?

ያረጀ በር ፎቶ ማንሳትና መሳል የሚወድ ሰው በዝቷል። እኔም አንዱ ነኝ። የተላጠ ቀለም፣ የዛገ ማጠፊያ፣ የተሰነጠቀ ሳንቃ ያየ ሁሉ "እንዴት ያምራል!" ይላል። ግን ለማን ነው የሚያምረው?

ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ ሰፈር የአንድ ጭቃ ቤት በር በስልኬ አንስቼ፣ ኮምቦልቻ ቤቴ ሆኜ በአክሪሊክ እየሳልሁት ነው። ሳነሳው የቤቱን እመቤት አስፈቅጄ ነበር። "አንሳው ልጄ። ግን እሱ በር ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ያስገባብኛል። ሲሞላልኝ በላሜራ እቀይረዋለሁ" አሉኝ። እኔ ውበት ያልሁት ለእሳቸው ገንዘብ ጠፍቶ የቆየ ሥራ ነው።

ይህን ቃላቸውን ይዤ መሳል ስጀምር በሩን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ፎቶ ብቻውን አይታመንም። ስልክ ጥላውን ድፍን ጥቁር ያደርገዋል። ወደ ላይ አቅንታችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት መቃኖች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ያንን በማስመሪያ አቀናሁት። ጉበኑ ግን በእውነትም ዘሟል፤ እሱን አልነካሁትም። የካሜራው ጥመት ሌላ፣ የቤቱ ጥመት ሌላ።

አክሪሊክ በውሃ ይቀጥናል፤ አንዴ ከደረቀ ግን ውሃ አያስለቅቀውም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ቀለሙ ገና ሳህን ላይ እያለ ይደርቅብኛል። ቢሆንም ለበር ይመቻል፤ አዲሱ ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር አይቦካምና። በሩም የተቀባው እንዲሁ ተራ በተራ ነው። መጀመሪያ የእንጨቱን ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን፣ በመጨረሻ ሰማያዊውን ቀባሁ። ለተላጠው ቦታ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጌ፣ የቀረችውን ቀለም ብቻ በስሱ አስነካሁት፤ የሥሩ ቀለም በየመሀሉ ብቅ አለ።

እንዲህ አንድ በአንድ ሲሠራ ግን "እርጅና" ያልሁት ነገር ግማሹ ጥገና ሆኖ አገኘሁት። ምስማሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ከታች የበሰበሰችው ሳንቃ ላይ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። ደውዬ ብጠይቃቸው፣ ቆርቆሮውን የመቱት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰማያዊው ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ የተቀባ ነው። ይህን ፎቶው አይነግራችሁም።

ደሴ ስማቸው የሚጠራ ቤቶች አሏት። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎም ስሙ አልጠፋም። የእኚህ እናት በር ግን ቅርስ ተብሎ የሚመዘገብ አይደለም። በአዲስ ግንባታና በኮሪደር ልማት ሰፈሮች ሲቀየሩ እንዲህ ያለ በር ማገዶ ይሆናል፣ ከእሱም ጋር ማን እንደጠገነው ይረሳል።

ጭቃ ቤቱ እንዳለ ይቆይ እያልሁ አይደለም። እኚህ እናት የላሜራ በር ይገባቸዋል። ለእኔ ሥዕል ሲባል ዝናብ ሊገባባቸው አይገባም። ሲሞላላቸው ይቀይሩት፤ እኔም ደስ ይለኛል።

የምለው ይህን ብቻ ነው። የሰፈራችሁ በር ሳይነቀል አንሱት። ፊት ለፊት ቁሙ፣ ስልኩን በደረታችሁ ልክ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጥላ እንዳይበዛ ደመና ያለበትን ሰዓት ምረጡ። ከሁሉ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ካነሳችሁ በኋላም ቶሎ አትሂዱ። ማን ሠራው? ቀለሙ የመቼ ነው? ይህችን ቆርቆሮ ማን መታት? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከፎቶው ሥር ጻፉት። "እንዴት ያምራል" የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።