ቤዝቦል በታክሲ ተራ

ዋሽንግተን ዲሲ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል ቡድን አሳልፋለች። «ሴናተርስ» ይባል የነበረው ቡድኗ በ1971 ወደ ቴክሳስ ሊሄድ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ ንዴት ያቃጠለው ተመልካች ጨዋታው ሳያልቅ አጥር ዘሎ ሜዳ ገባ። ሣሩን ነቀለ፣ ቤዙን ይዞ ሄደ። ቡድኑ 7 ለ 5 እየመራ አንድ አውት (አንድ መቺ ማስወጣት) ብቻ ነበር የቀረው፤ ዳኞቹ ሜዳውን ማስለቀቅ ሲያቅታቸው ለኒውዮርክ ያንኪስ 9 ለ 0 ፎርፌ ሰጡ።

ይህን ያጫወቱኝ ያን ምሽት ሜዳ ከገቡት አንዱ ናቸው። ዩኒየን ስቴሽን በተባለው ባቡር ጣቢያ ታክሲ ተራ ላይ ከማውቃቸው ሾፌሮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በእጃቸው የገባው አንድ ጭብጥ ሣር ብቻ እንደነበር፣ እናታቸው ጓሮ ወስደው ተክለውት ሳይጸድቅ እንደቀረ ሲናገሩ ትናንት የሆነ ይመስል ነበር። ስለዚህ በ2005 (የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሞንትሪያሉ ቡድን «ናሽናልስ» ተብሎ ዋሽንግተን ሲገባ፣ ከሁሉ በፊት ደስታቸውን ያየሁት የእሳቸውን ነው። ቀዩን ኮፍያ ከዚያን ቀን በኋላ ከራሳቸው አላወረዱትም።

ያኔ የዲሲ ታክሲ ሜትር አልነበረውም። ከተማዋ በዞን ተሸንሽና፣ ሒሳቡ የሚታሰበው ተሳፋሪው ባቋረጠው ዞን ብዛት ነበር። ስልክ ነካ አድርጎ መኪና መጥራት የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ከሥራችን ግማሹ መጠበቅ ነበር፤ የኒውዮርክ ባቡር እስኪገባ ከመኪና ወርደን፣ ኮፈን ተደግፈን እናወጋለን። ብዙዎቻችን ሐበሾች ነበርን። ከእኛ መሀል ቤዝቦልን አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጨዋታውን ያወቀው አሜሪካ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። አባቱ በኦጋዴን ጦርነት ወድቀው፣ የዚያን ዘመን መንግሥት ወደ ኩባ ከላካቸው በሺዎች ከሚቆጠሩ ልጆች ጋር ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው ደሴት አደገ። እዚያ ልጅ ሁሉ ዱላና ኳስ ይዞ ነው የሚውለው። ስሙን ትተን «ኩባ» እንለው ነበር፤ ወዶ ይቀበለው ነበር።

ጨዋታውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የቡና ኩባያ ክዳኖችን ኮፈን ላይ በአራት ማዕዘን ይደረድርና ሳንቲሞቹን ከቤዝ ወደ ቤዝ እየገፋ ያስረዳኛል። ባቡር ገብቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ክዳኖቹን ሰብስቦ ይሮጣል፤ ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ ሳንቲሞቹ የነበሩበትን ቦታ ሳይዘነጋ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። «እግር ኳስ 90 ደቂቃው ካለቀ አለቀ። እዚህ ግን ሰዓት የለም። 27 አውት እስኪወጣብህ ድረስ ገና አልተሸነፍክም» ይለኝ ነበር። ለናሽናልስ ልቡን የሰጠው በወርዋሪው በሊቫን ሄርናንዴዝ ምክንያት ነው። ሊቫን በ1995 ከኩባ ብሔራዊ ቡድን ኮብልሎ ወጥቶ፣ በ1997 ከፍሎሪዳ ማርሊንስ ጋር የዋንጫውን ፍጻሜ ወርልድ ሲሪስን አሸንፎ የውድድሩ ኮከብ ተብሏል። በ2005 ጉልበቱ እያመመውም ቢሆን ኳሱን ከእጁ ለመቀበል አሰልጣኙ ይቸገሩ ነበር። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ትከሻው አይደክምም፤ የኩባ ቃል ነው።

ያን ዓመት ጨዋታውን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነበር። የቴሌቪዥን መብቱ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ባለቤት በሚቆጣጠሩት አዲስ ጣቢያ እጅ ገብቶ፣ የአካባቢው ትልቁ የኬብል ድርጅት ከጣቢያው ጋር ሳይስማማ ቀረ። ለሕዝቡ በደል ነበር፤ ለእኛ ግን በረከት ሆነልን። ሬዲዮ ያለው ታክሲ ነዋ! ከካፒቶል የወጣ ባለ ከረባትም፣ ከሆቴል ማድ ቤት የወጣች ሠራተኛም በሩን ከፍተው ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ስንት ለስንት?» ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግሩን መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው።

ያ ሰሞን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከባድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1997 ምርጫ ውጤት አወዛግቦ፣ ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ በተቃዋሚዎች ላይ ተተኩሶ ሰው ሞተ። የስልክ ካርድ እየፋቅን ቤተሰብ መኖሩን እናረጋግጣለን፤ መስመሩ እንቢ ሲል መኪና ውስጥ ዝም ብለን እንቀመጣለን። በታክሲ ተራው ላይ አንድ ሰፈር ያደጉ ሰዎች በፖለቲካ ተኳርፈው ሰላምታ ተነፋፈጉ። በዚያው ሰሞን ናሽናልስ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ወርዋሪው ቻድ ኮርዴሮ፣ ገና የ23 ዓመት ልጅ፣ በመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር) እየገባ መሪነትን አስጠብቆ ይወጣ ነበር፤ በጁን ወር ብቻ 15 ድል ዘግቶ የሊጉን የአንድ ወር ክብረ ወሰን ተጋራ። ከተኳረፉት ባልደረቦቼ መሀል አንዱ ወደ ሌላው መኪና መስኮት ጎንበስ ብሎ «ልጁ ዛሬም ዘጋው እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ያኛው ጥቂት ቆየና «ዘጋው» አለ። ከዚያ ስለ ኳሱ አወሩ፤ ስለ አገር ቤት ለማውራት ደግሞ ሌላ ሳምንት ፈጀባቸው። አሜሪካዊው ጨዋታ ከሕመማችን ጋር ምንም ዝምድና ስላልነበረው ማንም ሳይጎዳ ሊነሣ የሚችል ወሬ ሰጠን። ለዚህ እስከ ዛሬ ውለታው አለብኝ።

ጁን 14 ሌሊት አናሃይም ላይ የሆነውን የሰማሁት አንድ ሆቴል በር ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። አሰልጣኙ ፍራንክ ሮቢንሰን፣ የ69 ዓመት ሰው፣ ዳኞቹን ጠርተው የኤንጅልሱን ወርዋሪ የብሬንደን ዶኔሊን ጓንት አስፈተሹ። ኳስ ለመጨበጥ የሚረዳ፣ ለወርዋሪ ግን የተከለከለ የጥድ ሙጫ ተገኝቶበት ከሜዳ ተባረረ። የኤንጅልሱ አሰልጣኝ ማይክ ሶሻ ተቆጥተው መጡ፤ ሁለቱ ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ቡድኖች ወደ ሜዳ ፈሰሱ። ጥቂት ቆይቶ ሆሴ ጊየን፣ ኤንጅልስ ራሱ ከወራት በፊት አሳልፎ የሰጠው ሰው፣ ውጤቱን እኩል ያደረገ ሆምረን (አጥር ያለፈ ምት) መታ። ዋሽንግተን 6 ለ 3 አሸነፈ። ማለዳ ተራ ስደርስ ባለ ቀይ ኮፍያው ሽማግሌ ከመኪናቸው ወርደው፣ እጃቸውን እንደ ጓንት ዘርግተው፣ ፍተሻውን በትክክል እያሳዩ ይተርኩ ነበር። ሮቢንሰንን ከባልቲሞር ዘመናቸው ጀምሮ ይወዷቸዋል። በ1966 በመቺነት ሦስቱንም ዘውድ (በመምታት አማካይ፣ በሆምረንና በምታቸው ባስገቡት ነጥብ አንደኛነትን) ሲጭኑ አይተዋቸዋል፤ በ1975 በሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሲሆኑ ደግሞ ጋዜጣውን ቆርጠው አስቀምጠዋል።

ከዚያ ሁሉ ወሬ አንድ ሳምንት ተለይቶ ይታወሰኛል፤ ከጁላይ 1 እስከ ጁላይ 8።

ዓርብ ጁላይ 1 ኬኒ ሮጀርስ የተባለው የቴክሳስ ሬንጀርስ ወርዋሪ የካሜራ ባለሙያዎችን በመግፋቱ 20 ጨዋታ ታገደ፤ 50,000 ዶላርም ተቀጣ። ሬንጀርስ ማለት ያ ከዋሽንግተን የሄደው ሴናተርስ ነው። ሽማግሌው ጋዜጣውን አጥፈው «ሰው የሰው ንብረት ወስዶ እንዴት ይባረካል?» አሉ። ከምራቸው ነበር። ኩባ ቅጣቱ አነሰ ባይ ነው፤ በሥራው ላይ ያለ ሠራተኛ እኮ ነው የተገፋው። ታክሲ ነጂ ሁሉ በዚህ ተስማማ።

በዚያው ቀን ናሽናልስ ቺካጎ ገብቶ ከከብስ ጋር ሦስት ጨዋታ ጀመረ። የከብሱ ዴሪክ ሊ በዚያ ዓመት እንደ ሮቢንሰን ሦስቱንም ዘውድ ለመጫን ተቃርቦ ነበር። ክርክሩ ከባቡር ባቡር ቀጠለ። ሊ ሲመጣ ይወረወርለት ወይስ ሆን ተብሎ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይለፍ? ኩባ «ይለፍ፤ ቤትህን ለሚያውቅ ሌባ በር አይከፈትም» ይላል። ሽማግሌው «ሮቢንሰን እንዲህ ያለውን ሰው ያውቁታል፤ ራሳቸው ነበሩና። ወርዋሪ የሚፈራ ከመሰለ ከዚያ በኋላ ያለውም ይመታዋል» ይላሉ። እኔ በአንዱ ቀን ከኩባ፣ በሌላው ከሽማግሌው ጋር እቆም ነበር። ሦስቱንም ጨዋታ አሸነፍን። የእሑዱ ወደ 12ኛው ኢኒንግ ተሻግሮ 5 ለ 4 ሲያልቅ ኤርፖርት የማደርሳት ተሳፋሪ ነበረችኝ፤ ደርሰን ቆመን የመጨረሻው አውት እስኪወጣ አልወርድም አለች። 50 ድል፣ 31 ሽንፈት። ከ162ቱ ጨዋታ ልክ ግማሹ ሲሆን ምድባችንን በ5 ተኩል ጨዋታ እየመራን ነበር። በዚያው እሑድ ሊቫንና ኮርዴሮ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ።

ሰኞ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ነው። ሦስታችን መኪናችንን አቁመን አርኤፍኬ ስታዲየም ገባን። ያ ስታዲየም በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የቆመ፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ ጠባብ መተላለፊያ ነበር፤ የሚያፈቅረው ሰው ያፈቅረው ነበር። በሦስተኛው ቤዝ በኩል ያለው የታችኛው መቀመጫ ለአሜሪካ እግር ኳስ ሲባል በሐዲድ ተገፍቶ ቦታ እንዲለውጥ የተሠራ ነበር፤ ሕዝቡ ሲዘል መቀመጫው አብሮ ይዘል፣ ጉልበትህ ድረስ ይሰማህ ነበር። ሽማግሌው ከላይኛው ወለል ነጭ የተቀቡትን ወንበሮች በጣታቸው አሳዩን፤ ፍራንክ ሃዋርድ በሴናተርስ ዘመን የመታቸው ኳሶች ያረፉባቸው ነበሩ። ርቀቱን ሳየው አላመንኩም። የኒውዮርኩ ሜትስ አሸነፈን፤ ግን ሕዝቡ እየዘፈነ ነበር የወጣው። እንዲህ ያለ ቡድን አንድ ቀን ቢሸነፍ ምን አለበት?

ሽማግሌው ግን ዝም ብለው ይሄዱ ነበር። ለምን እንደሆነ በማግስቱ ነገሩን። ቡድኑ ያስቆጠረውንና የተቆጠረበትን ከጋዜጣው ሲደምሩ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ አገኙት። ብዙ ጨዋታ ያሸነፍነው በአንድ ነጥብ ነው። «በአንድ ነጥብ የመጣ በአንድ ነጥብ ይሄዳል» አሉ። የስታዲየሙም ሜዳ ሰፊ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሆምረን የሚሆነው ኳስ እዚያ ይያዝ ነበር፤ መቺዎቻችንም ያጉረመርሙ ነበር። ኩባ ተቆጣ። ድል ድል ነው፤ ማን ቆጥሮ ይመልሳል? አለ።

ዓርብ ጁላይ 8 ከሲንጋፖር ወሬ መጣ፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ቤዝቦልን ከ2012 ጀምሮ ከኦሎምፒክ አስወጣው። አሜሪካውያኑ ሾፌሮች ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ለእነሱ ትልቁ ውድድር ወርልድ ሲሪስ ነው። እኛ ሐበሾቹ ግን ደነገጥን። አበበ ቢቂላን፣ ኃይሌን፣ ደራርቱን ይዞ ላደገ ሰው ከኦሎምፒክ መባረር ማለት ከዓለም ፊት መባረር ነው። ከሁሉ የከፋው ኩባ ነበር። ያደገባት አገር በ1992፣ በ1996 እና በ2004 ወርቁን የወሰደችበት ውድድር ነዋ። ያን ቀን ተራው ሲደርስ እንኳ ለሌላ ሰው ለቀቀ።

የሽማግሌው ስሌት ልክ ሆነ። በጁላይ ተንሸራተትን፤ ወሩ ሳያልቅ አትላንታ አለፈን። ሊቫን ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ እንደሚችል ተናግሮ ከተማውን አስደነገጠ፤ ግን እስከ መጨረሻው ወረወረ። 81 ድል፣ 81 ሽንፈት፤ ከምድቡ አምስት ቡድኖች የመጨረሻው። ጠንካራ ምድብ ነበር፤ ከግማሽ በታች ያሸነፈ ቡድን አልነበረበትም።

አርኤፍኬ የመጨረሻውን ቤዝቦል በ2007 አስተናገደ። በ2008 አዲሱ ስታዲየም ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ታክሲውም ሜትር ገባለት፣ የዞኑ ካርታ ተነሣ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተሳፋሪው በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር ሰልፉ ሳሳ። ውጤቱም በኪሱ ስላለ የሚጠይቀን ጠፋ። ፍራንክ ሮቢንሰን በፌብሩዋሪ 2019 ዐረፉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ናሽናልስ ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ፤ ያሸነፈውም የቴክሳስ ቡድን፣ ሂዩስተንን ነው። ሽማግሌው ሳያዩት ቀርተዋል። እኔ ግን ዜናውን ስሰማ ከተጫዋቾቹ ሁሉ በፊት ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ኩባ አሁን ፍሎሪዳ ነው የሚኖረው። በዚያ የድል ሌሊት ሲደውልልኝ ስለ ሂዩስተን ጥቂት አወራንና ቀሪውን ጊዜ 2005 ወሰደው። ሊቫንን በጁላይ ጥቂት ሳምንት አሳርፈውት ቢሆን ምድቡ የእኛ ነበር ይላል። እኔ የሽማግሌውን ድምር ይዤ፣ መቺ ሳይኖረን ወርዋሪ ብናሳርፍም ባናሳርፍም አትላንታ ይቀድመን ነበር እላለሁ። ባለፈው ፋሲካም ደውሎ፣ እንኳን አደረሰህ ካለኝ በኋላ ያው ነገር ተነሣ፤ አሁንም አልተስማማንም።